ቀለም አይታመንም

ጋቭሪል ከመደርደሪያው ጄሪካን ጎትቶ፣
«ቀዩን ውሰጂ» አለኝ፣ አቧራውን መትቶ።
«ቀዩ አምስት ዓመት ነው፣ አረንጓዴው ሁለት፣
ሰማያዊውንማ ለከተሜ ተዪለት።»
እኔ ጄሪካኑን ገልብጬ ከጀርባ
ደቃቁን ፊደል ሳይ ዓይኔ እንባ እያነባ፣
«ቀለም ካፖርት ነው፣ ፋብሪካ ያለበሰው፤
በካፖርቱ ቀለም አይታወቅም ሰው»
ይል ነበር አባቴ፤ ትዝ አለኝ ያ ቃል፤
ሳልገዛ ወጣሁኝ፤ ጋቭሪል ይስቃል።

አባቴ ስቴፓን መኪናዋን ሲያወርሰኝ
ስለ ጎማው ነገረኝ፣ ስለ ፍሬን መከረኝ፤
በራዲያተሯ ሆድ ያፈሰሰውን ግን
የትኛው እንደሆነ ሳይነግረኝ ሞተ።
እዚህ አገር፣ ያልተነገረ ነገር ይገድላል።

ኒኮላይን አይተነዋል ባለፈው ጥር፤
አንዱን ዓይነት በሌላው ላይ ደርቦ ሲሞክር
ሌና ወንዝ መሐል፣ በረዶው መንገድ ላይ
ፈሳሹ ገንፎ ሆነ።
ትርፍ ጎማውን አነደደ፣ ቀጥሎ ወንበሩን፤
ስንደርስለት ውርጩ ጢሙን ሰፍቶት፣
አፉ አልከፈት ብሎ
በጓንቱ ብቻ ወደ ሞተሩ ያሳየናል።

ስለዚህ ማታ ጋራዡን ዘግቼ፣
ሞተሩ እስኪበርድ ሻዬን ጠጥቼ
(የጋለ ክዳን የከፈተን ሰው ፊቱ ይመስክር)
ክዳኑን ዞር፣ ዞር፣ ቀስ።
ሽታው ይጣፍጣል። ቀለሙ
አረንጓዴም አይደል፣ ቀይም አይደል፣
ዝገት የቀመሰ አሮጌ ጭቃ።
በመለኪያው ብርጭቆ ስቤ ወደ አምፖሉ ባነሳው
ቀስቷ ተንሳፍፋ ሠላሳ ስምንት ላይ ቆመች።
ውጭ አርባ ዘጠኝ ነው።
በዚህ በአሥራ አንዱ መሐል ስንት ሰው አለቀ።

አወረድኩት።
የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤
ይህ ግን ከፈሰሰ የሚለቅመው ውሻ ነው።
ሞይቶሩክን የቀበርነው በአንዲት ኩሬ ነው፣ መዳፍ በማትሞላ፤
ጣፍጦት ላሳት፣
በሦስተኛው ቀን ዓይኑን ከእኛ ሳይነቅል ሄደ።
ተንበርክኬ ወለሉን ወለወልኩ፣
መወልወያውን በቆርቆሮ ከትቼ ከፍ አድርጌ ሰቀልኩ፣
የራዲያተሩን ሆድ በተጣራ ውሃ ሁለቴ አጠብኩ።

በማግስቱ ጋቭሪል ዘንድ ተመለስኩ፤
የመኪናዋን መጽሐፍ በብብቴ ይዤ፣
ለናስ ራዲያተር የታዘዘውን፣ ያልተበረዘውን ገዛሁ።
(አረንጓዴ ሆኖ ተገኘ። በአጋጣሚ ነው።)
«እንዲሁ ገልብጪው፣ ውሃ ምን ያደርጋል?
ንጹሕ ነገር ደግሞ የት አገር ይረጋል?»
ክርክር አልወድም። ሦስት ብልቃጥ ሞላሁ፤
በአንዱ ውሃ ብቻ፣ በአንዱ ንጹሑን፣
በሦስተኛው ስድስት እጅ ከዚያ፣ አራት እጅ ከዚህ፤
ደጅ፣ እንጨት ክምሩ ላይ አሳደርኳቸው።

ሲነጋ
ውሃው ብልቃጡን ሰንጥቆ ራቁቱን ቆሟል።
ንጹሑ፣ ያ ውዱ፣ ያ አትንኩኝ ባዩ፣
እንደ ሻማ ሰም ደርቆ
ብገለብጠው አልወርድ አለ።
ድብልቁ ብቻ
እንደ ዘይት ከብዶ፣
ወገቡን እንደያዘ ሽማግሌ ቀስ ብሎ
ወደ ጎን አለ። ፈሰሰ።
ጋቭሪል አየ። ቆቡን አውልቆ ራሱን አከከ፤
በዚያ ብርድ ቆብ ማውለቅ ብዙ ማለት ነው።

ሞላሁት። ቱቦውን ጨመቅ፣ ጨመቅ፣
የታፈነው አየር አግሥቶ እስኪወጣ፣
ማሞቂያው እግሬን እስኪያገኘው ጠበቅሁ።
ከኋላ የዳቦ ሣጥን አለ፣ አዋላጇ ሳርዳናም አለች፤
«ቶሎ» ትለኛለች፣ ማዶ ምጥ ይዟል።

አንድ ነገር ቀረኝ።
ከኮፈኑ ውስጥ ፕላስተር ለጥፌ
ዓይነቱን፣ ስድስት ለአራት፣ ቀኑን
ልጽፍ ብዕሬን ባወጣ
ቀለሙ ረግቷል።
በእርሳስ ጻፍኩት፤ ከታች ስሜን፦
ቱያራ፣ የስቴፓን ልጅ።